ከፍሬው አስቀድሞ የሚቀምሰው ማን ነው?

ስለ ቤተሰብ እርሻ የቀረበ ስብከት (2ኛ ጢሞ. 2፥6፤ ነህ. 5፥1-13)



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ላይ ሳለ ለልጁ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ሦስት ሰዎችን በምሳሌነት ያቀርብለታል። አንደኛው ወታደር ነው፤ ሁለተኛው ለአክሊል የሚወዳደር ስፖርተኛ ነው፤ ሦስተኛው ገበሬ ነው። ስለ ወታደሩና ስለ ተወዳዳሪው ብዙ ተሰብኳል። ስለ ታማኝነትና ስለ ጽናት በተናገርን ቁጥር ሁለቱን ሳንጠቅስ አናልፍም። ገበሬው ግን፣ ምናልባት በየቀኑ ስለምናየው ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሆኖም ሐዋርያው ስለ እርሱ የሚናገረው ከሁለቱ ይልቅ ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም የሚደክመው ገበሬ ከምርቱ ድርሻውን በመውሰድ ፊተኛ ሊሆን እንደሚገባው ነው። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ እዚህ ላይ ስለ ምጽዋት አይናገርም። ለገበሬው ይታዘንለት፣ ከተረፈም ይሰጠው አላለም፤ ይገባዋል አለ እንጂ። በኦሪት ዘዳግም (25፥4) እህል የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዝዞ ነበር። ለበሬው ይህን ያህል ከታሰበለት፣ ከኋላው ጅራፍ ይዞ ለሚዞረው ሰው፣ አውድማውን ለምትጠርገው ሚስቱና ገለባ ለሚሰበስቡት ልጆቹ እንዴት አይታሰብም?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በገጠራችን የምድሩን ፍሬ አስቀድሞ የሚቀምሰው በእርግጥ የደከመው ቤተሰብ ነውን? ወይስ አበዳሪው፣ ነጋዴው፣ ግብር ሰብሳቢውና የማዳበሪያ ዕዳ ሁሉ ከወሰዱ በኋላ የቀረውን እርሱ ይለቅማል?

የቤተሰብ እርሻ ስንል መሬቱ፣ ጉልበቱ፣ ቤቱና ማዕዱ የአንድ ቤተሰብ የሆነበትን እርሻ ማለታችን ነው። ይህን አኗኗር ከኋላ ቀርነት የሚቆጥሩት፣ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከሚገኙት ከ600 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ከ10 እጅ 9ኙ በቤተሰብ የሚተዳደሩ ናቸው፤ በዋጋ ሲታይም ከዓለም ምግብ አብዛኛው የሚገኘው ከእነርሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ያሉትን ዐሥር ዓመታት ለቤተሰብ እርሻ የሰየመው ይህን ተመልክቶ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ስለሚጠፋ ነገር ሳይሆን ዓለም ስለሚበላበት እጅ ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንተወው ወደ እንሰት አገር፣ ወደ ወላይታ፣ ወደ ከምባታ፣ ወደ ሐዲያና ወደ ጉራጌ እንሂድ። በዚያ ያለ ገበሬ ቤቱን የሚሠራው በእርሻው መካከል ነው። ከቤቱ ኋላ እንሰቱ ይቆማል፤ ከእንሰቱ ሥር ከበረት የወጣው ፍግ በየማለዳው ይደፋል። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ አገሩ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይጠብቃል። ሲደርስ እናቶች ግንዱን ይፍቁታል፣ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፣ በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ ቆጮውና ቡላው ከዚያ ይገኛል፣ አሚቾውም ተቀቅሎ ይበላል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። እንሰት በአንድ ወቅት የዝናብ እጦት አይሞትም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው። ያለ ከብት ግን አይኖርም። ከብት ፍግ ይሰጣል፣ ፍግ እንሰት ያቆማል፣ ለከብቱ ደግሞ ግጦሽ ያስፈልገዋል፣ ግጦሽም መሬት ይፈልጋል። ሰንሰለቱ ከአንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ሁሉም ይላላል።

የተበጠሰውም መሬቱ ላይ ነው። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ከፍተኛ ይዞታ 10 ሄክታር ነበር። ጭሰኛው ከባለ ርስቱ ቀንበር የወጣበት ታላቅ ቀን ነበረና የዚያ ዘመን ሰዎች እስከ ዛሬ በደስታ ያነሡታል። በእንሰት አገር ግን 10 ሄክታር የሚባለው ነገር ያኔም ለአብዛኛው ገበሬ ሕልም ነበር። ዛሬ በወላይታ አንዳንድ ወረዳዎች በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ከ500 ሰው በላይ ይኖራል፤ የብዙ ቤተሰብ ይዞታም ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። አንድ ሄክታር ያለው አባት ለአራት ልጆቹ እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ 2,500 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። እነርሱም እንዲሁ ለአራት አራት ልጆቻቸው ቢያካፍሉ የልጅ ልጁ ድርሻ 625 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ወርዱ 25፣ ቁመቱም 25 ሜትር ማለት ነው። ቤትና በረት ከተሠራበት በኋላ ለእንሰቱ ምን ይተርፋል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 456 መሬት በውርስ ሲተላለፍ ከአነስተኛው የይዞታ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክል ነበር። ልጆች መብላታቸውን ግን ዐዋጅ አያስቆመውም።

መሬቱ ሲጠብ ከብቱ ይሸጣል፤ ከብቱ ሲሸጥ ፍጉ ይቀራል፤ እንሰቱም ይመነምናል። በላዩ ላይ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይጨመርበታል፤ በአንድ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍ፣ የቤተሰብን የስድስት ዓመት ተስፋ በጥቂት ሳምንት የሚያጠፋ በሽታ ነው። (እግረ መንገዴን ለእናቶቼ አንድ ነገር ልበል፤ የታመመ እንሰት የቆረጣችሁበትን ቢላዋ በእሳት ሳታስነኩ ወደ ጤነኛው አትሂዱ፣ ለጎረቤትም አታውሱ።) ቤተሰቡ ያኔ ቶሎ ወደሚደርሰው፣ ወደ ስኳር ድንችና ወደ በቆሎ ይዞራል። ቶሎ የሚደርስ ሰብል ደግሞ ቶሎ ይከዳል። በ1992 ዓ.ም. በዳሞት ወይዴ ወረዳ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ስኳር ድንቹ በድርቅ ጠፋ፣ በልጉ ዘገየ፤ በኋላ ዝናብ መጥቶ ምድሩ ሲለመልም ሰው በአረንጓዴ መካከል ተራበ። መንገደኛ አይቶ ጥጋብ ነው ሊል ይችል ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የዕዳን ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከዝናብ ይልቅ በእጃችን ያለ ነገር ነውና።

አንድ ገበሬ በታኅሣሥ ጤፉን ወቃ እንበል። ያን ጊዜ ሁሉም ወቅቷል፤ ገበያው ሞልቷል፤ ዋጋው ወርዷል። እርሱ ግን መጠበቅ አይችልም። የማዳበሪያው ክፍያ ደርሷል፣ የመሬት ግብሩ ይጠየቃል፣ የልጁ ደብተር አልተገዛም፣ በጥር ወር የወንድሙ ልጅ ሠርግ አለ። ስለዚህ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ ጎተራው ባዶ ነው፤ ለልጆቹ በቆሎ ለመግዛት ወደዚያው ገበያ ይሄዳል፣ አሁን ግን ዋጋው ወጥቷል። ገንዘብ የለውም። «ቢቸግር ጤፍ ብድር» እንደተባለው ወደ አበዳሪ ቤት ይሄዳል። አራጣው ከከበደው መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ዛሬ ብዙዎች ኮንትራት የሚሉት ነው። ዋናውን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ አበዳሪው መሬቱን ያርሳል፣ ፍሬውንም ይበላል፤ ባለ መሬቱ በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሙያተኛ ይሆናል። መሬት በሕግ አይሸጥም፤ ነገር ግን ሳይሸጥ ከእጅ የሚወጣበት መንገድ ይህ ነው።

የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ማዳበሪያ በሞላ ጎደል ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ እሳቱ እስከ ቀበሌ ደረሰ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም የብር አቅም ከግማሽ በላይ ወረደ። ገበሬው የኩንታሉን ዋጋ የሚወስነውን ሰው አያውቀውም፤ ዩሪያው በጊዜው ካልደረሰ የሚነጋገረው ሰው የለም። ዘግይቶ የደረሰውን በትኖ ምርት ባያገኝበትም ዕዳው ግን በጊዜው ይደርሳል።

ቅዱሳን መጻሕፍት ይህን ታሪክ ያውቁታል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በሚያሠራበት ወቅት ሕዝቡ ከነሚስቶቻቸው ወደ እርሱ ጮኹ። ጩኸታቸው በውጭ ጠላት ላይ አልነበረም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው በአይሁድ ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ የምንበላው እህል እንፈልጋለን አሉ። ሌሎቹ በራብ ምክንያት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን መያዣ ማድረጋቸውን ተናገሩ። ሌሎቹም ለንጉሡ ግብር መበደራቸውን አስረዱ። ሴት ልጆቻችን ወደ ባርነት ሄደዋል፣ መሬታችንም በሌላ እጅ ስለሆነ ልናድናቸው አቅም የለንም አሉ። ከእነዚህ ቤቶች ማናቸውን አናውቅም? ከሐዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እኅቶቻቸውም ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ ለጉዞው ገንዘብ የሚከፈለው ከምን ሽያጭና ከምን ብድር እንደሆነ ወላጆች ያውቁታል። የሄዱትን አልወቅስም። ድርሻው 625 ካሬ ሜትር የሆነ ልጅ ዐይኑን ወደ መንገድ ቢያነሣ ከስንፍና አይቆጠርበትም።

ነህምያ ምን አደረገ? በመጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ወዲያው አልተናገረም፤ በልቡ አሰበ ይላል መጽሐፉ። ከዚያም ሹማምንቱንና መኳንንቱን ገሠጻቸው፣ ታላቅ ጉባኤም ጠራ። በጉባኤው ላይ እርሱ ራሱ፣ ወንድሞቹና አገልጋዮቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን አልደበቀም፤ አራጣውን ሁላችንም እንተው አለ እንጂ። እርሻውንና ወይኑን፣ ወይራውንና ቤቱን፣ ከገንዘቡ ላይ ይወስዱት የነበረውንም መቶኛ ክፍል በዚያው ዕለት እንዲመልሱ ጠየቀ። ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። ጉባኤውም ሁሉ አሜን አለ። ያ አሜን መሬት የተመለሰበት አሜን ነበር። እኛ በየሰንበቱ ብዙ አሜን እንላለን። ከመካከላችን በወለድ አገድ የያዘውን የጎረቤቱን ማሳ እያረሰ ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርብ ሰው ካለ፣ ይህን ምዕራፍ በቤቱ ብቻውን ሆኖ ያንብበው፤ ከዚያም ወደ ቆሞሱ ይምጣ።

ስለ ናቡቴም (1ኛ ነገ. 21) አንድ ቃል እጨምራለሁ። የአባቶቹን ርስት አልሸጥም ብሎ በሐሰት ምስክር የተገደለውን ይህን ገበሬ የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ ነገሥታትን ለመውቀስ ነው። በየመንደራችን ግን አክዓብ ዘውድ አይደፋም። የሟች ወንድሙን ሚስት ከጓሮዋ የሚያስወጣ ወንድም፣ «ሴት ልጅ ወደ ባሏ ትሄዳለች» ብሎ እኅቶቹን ከድርሻ የሚያስቀር ታላቅ ልጅ ናቸው አክዓብ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች (ዘኍ. 27) በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው የአባታቸውን ድርሻ በጠየቁ ጊዜ እግዚአብሔር ትክክል ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በመውረስ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንሰቱን የምትተክለው፣ የምትፍቀው፣ ቆጮውን ለገበያ የምታወጣው እርስዋ ሆና ሳለ ስሟ በይዞታ ማረጋገጫው ላይ የማይገኝ ከሆነ፣ የሚደክመው ፊተኛ ይሁን የሚለው ቃል በማን ላይ ተፈጸመ? «ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ» ይላሉ አባቶች፤ ይህ ስለ ሴት ልጅም የተነገረ ይመስለኛል።

አንዳንዶች መፍትሔው ልማት ነው ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ልማቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ጭላሎ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ። ይሁን እንጂ እርሻ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። ስንዴው በዛ፣ ገበሬው ተባረረ። ከዚህ የምንማረው ማዳበሪያን መጥላት አይደለም፤ ለገበሬው በመሬቱ ላይ ዋስትና ሳይኖረው የመጣ ምርት ለሌላ እንደሚሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ይህ በር ለተዘጋጀ ሰው መግቢያ፣ ላልተዘጋጀ ሰው ደግሞ መውጫ ሊሆን ይችላልና ከመፈረም በፊት ማስነበብ ይገባል።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ እርሻ ረጅም ክፍል ጽፈዋል። እርሳቸው ራሳቸው በጣሊያን አገር ቤርጋሞ አጠገብ ከሚገኝ መንደር፣ የሰው መሬት በእኩል ከሚያርስ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩና ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት አልነበረም። ለገበሬ ተመጣጣኝ ብድር፣ መድንና ፍትሐዊ ዋጋ እንደሚገባው፣ ግብርም እንደ አቅም እንዲሆን፣ የቤተሰብ እርሻ እንዲጠበቅ አስተማሩ፤ ከሁሉ በላይ ግን የገበሬው ዕድገት ዋና ሠራተኛ ራሱ ገበሬው እንዲሆንና ከጓደኞቹ ጋር በኅብረት ሥራ እንዲደራጅ መከሩ። ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በሚለው መልእክታቸው የትንንሽ ገበሬዎችን እርሻ ደግፈው ተናግረዋል። ሁለቱም የጻፉት ለመንግሥታት ብቻ አይደለም።

እኛ ሀብታሞች አይደለንም፤ ነገር ግን አባቶቻችን ያወረሱን ነገር አለ። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ማንም ጥማድ አልሞላልኝም ብሎ ሳይዘራ አይቀርም። የታመመ ሰው ማሳ በደቦ ይታረማል። እድሩ ሞት ሲመጣ ደርሶ ድንኳን ይተክላል። ይህን ልማድ ወደ ጎተራ ማስገባት ይቻላል። ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ቤተሰብ በታኅሣሥ ከምርታቸው ጥቂት ጥቂት ኩንታል በአንድ ደረቅ መጋዘን ቢያስቀምጡና እስከ ሚያዝያ ቢጠብቁ፣ ያለ አራጣ ለመቆየትም ከዕቁብ መሰል ቁጠባቸው ቢበደሩ፣ በልጆቻቸውና በአበዳሪው መካከል አንድ ግድግዳ ቆመ ማለት ነው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ቁልፉን አይያዝ፣ ነቀዝ እንዳይገባም እህሉ በሚገባ ደርቆ ይግባ። የቁምስናው አዳራሽ በሳምንት ስድስት ቀን ተዘግቶ የሚውልባቸው ቦታዎች ካሉ ስለ መጋዘን ቦታ የሚጨነቅ አይኖርም።

ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልዩ አደራ አለኝ። እናንተ ቆሞሱ የማይደርስበት ቤት ትደርሳላችሁ። አባት ሳይሞት፣ በአእምሮው ጤና ሳለ፣ ወንድና ሴት ልጆቹን አስቀምጦ ስለ ውርሱ እንዲናገር ንገሩት፤ ሽማግሌ ሆናችሁም ተገኙ። መበለቲቱ ወደ ቀበሌው የመሬት ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ብቻዋን አትሂድ፤ ማንበብ የሚችል ሰው አብሯት ይሂድ።

በሌዋውያን መጽሐፍ (23፥22) ስለ በኵራትና ስለ በዓላት በተሰጠው ሕግ መካከል፣ በማጨድ ጊዜ የእርሻውን ዳር ለድኻና ለመጻተኛ ስለ መተው አንድ ቁጥር ገብቷል። ከመሥዋዕቱ ሕግ አልተለየም። እናንተም በመጪው መኸር የመባውን መዝገብ ስትከፍቱ ከአጠገቡ ሌላ ወረቀት አኑሩ። መሬቱ በኮንትራት የተያዘበትን፣ በሬው ሞቶበት መቀናጆ ያጣውን፣ እንሰቱ የታመመበትን፣ ስሟ በይዞታ ደብተሩ ያልሰፈረውን መበለት፣ ከራሳቸው ፈቃድ አግኝታችሁ በዚያ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የመባው ቆጠራ ከመነበቡም በፊት ለቁምስናው ምክር ቤት አቅርቡት።